ጽሑፉን ለአንዷ፣ ጥያቄውን ለሁላቸው

«ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ የምኖር የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም የነበርን ስድስት ጓደኛሞች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አሁን ተበታትነናል። ሁለቱ አዲስ አበባ ናቸው፤ ከእነሱ አንዷ ሕፃን ልጅ አላት። አንዷ ባሕር ዳር ነች። አንዷ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። አንዷ ደግሞ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለችው።

ማንበብ እወዳለሁ። ማታ ማታ ኢንተርኔት ላይ ደስ የሚል ነገር ሳገኝ ለብቻዬ መያዝ አይሆንልኝም፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓትም ቢሆን ግሩፑ ላይ እለጥፋለሁ። አንዳንዴ ሙሉ መጽሐፍ በፒዲኤፍ እልካለሁ። ጥያቄና መልስም፣ ‹ከእነዚህ ሴቶች አንቺ የትኛዋ ነሽ› የሚሉትንም እልካለሁ። መጀመሪያ ላይ እንሳሳቅበት ነበር። አሁን ሁሉም ያዩታል፣ ማንም አይመልስም። ቢበዛ አንድ አውራ ጣት ነው። በቀደም ሦስት ነገር አከታትዬ ስልክላቸው አንዷ ‹ኧረ ሴትዮ፣ ሥራ የለሽም እንዴ!› አለችኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም የሳቅ ምልክት ላክሁ፤ ግን ስልኬን አስቀምጬ አለቀስኩ።

በዚያ ላይ የባሕር ዳሯ ‹ለእህቴ ልጅ ድምፅ ስጡልኝ› የሚል ሊንክ ነክታ የቴሌግራም አካውንቷን ወሰዱባት። ከዚያ ወዲህ የእኔንም ሊንክ ትፈራለች። ሰልችቻቸዋለሁ ማለት ነው? ከግሩፑ ልውጣ? ይምከሩኝ።

አንባቢዋ፣ ከሐዋሳ»

እህቴ፣ ከግሩፑ አትውጪ። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ የቀረውን ሳታነቢ እንዳትወጪ ብዬ ነው።

ጓደኞችሽ አንቺን የሰለቹ አይመስለኝም። የምትልኪው ነገር ላይ ምን ማለት እንዳለባቸው ነው የጨነቃቸው። እስቲ ከዱባይዋ ወገን ሆነን እንየው። ፈረቃዋን ጨርሳ ክፍሏ ገባች እንበል። ጫማዋን አውልቃ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስልኳን ስትከፍት ከእናቷ የመጣ አለ፣ ከአለቃዋ የመጣ አለ፣ የዕቁቡ ግሩፕ አለ። የእናንተ ግሩፕ ላይ ደግሞ ሦስት ሊንክ ተደርድሯል። ከሊንኩ በላይም በታችም አንቺ የጻፍሽው አንድ ቃል የለም። ምን ያህል እንደሚረዝም አታውቅም። ለምን እንደላክሽው አታውቅም። ለእሷ ይሁን ለሜሪላንዷ አታውቅም። «ነገ አየዋለሁ» ትልና ትተኛለች። ነገ ሌላ ሁለት ይደረብበታል። ያላነበበችው ሲጠራቀም መመለሱ ራሱ ያሳፍራታል። ስለዚህ አውራ ጣቷን ትልካለች። ያቺ አውራ ጣት «አይቼዋለሁ፣ እወድሻለሁ፣ አሁን ግን አልቻልኩም» ነው የምትለው። አንቺ ግን እንደ ኩርፊያ አነበብሻት።

ግሩፕ ሌላም ጣጣ አለው። ሁሉም «አንዷ ትመልስላታለች» ብላ ታልፋለች። ቤት ውስጥ እናት «ልጆች፣ አንዳችሁ በሩን ክፈቱ» ስትል ማንም አይነሳም፤ ስም ጠርታ ስታዝ ግን ያቺ ልጅ እያጉረመረመችም ቢሆን ትሄዳለች።

ስለዚህ የእኔ ምክር እንዲህ ነው። የሚነበብ ነገር በስሟ ለአንዷ ይሂድ። ጥያቄና መልሱ ግሩፑ ላይ ይሁን። አንቺ ሁለቱንም ግሩፑ ላይ ስትወረውሪ ነው የከረምሽው።

ከንባቡ እንጀምር። ቴሌግራም ላይ «ሴቭድ ሜሴጅስ» የሚባል አንቺ ብቻ የምታዪው ቦታ አለ። ማታ ያገኘሽውን ሁሉ እዚያ አስቀምጪው። ጠዋት ሻይሽን ይዘሽ ተመልከቺው። በሌሊት ጉድ ያሰኘሽ ግማሹ ጠዋት ላይ ተራ ወሬ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ከተረፈው አንዱን ምረጪና «ይሄ የማን ነው?» በይ። የሕፃኗ እናት ነው? የሜሪላንዷ? ባለቤት ያልተገኘለትን አትላኪው፤ ለራስሽ አንብበሽዋል፣ ይበቃል።

ባለቤቱ ስትገኝ ደግሞ ሊንኩን ብቻ አትላኪ። እንዲህ ብለሽ ጻፊላት፦ «ይሄን ሳነብ ትዝ አልሽኝ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መሃል ላይ ያለችው ሴትዮ ቁርጥ አክስትሽን ናት። አንብቢውና ልክ ነሽ ወይም ዋሸሽ በይኝ።» እዚህ ውስጥ ለምን እንደላክሽላት አለ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ አለ፣ ምን ብላ እንደምትመልስልሽም አለ። በሥራ የደከመች ሴት እንኳን «ዋሸሽ» ለማለት አቅም አታጣም። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ከሆነ ፍሬ ነገሩን በሁለት መስመር አማርኛ ጨምሪላት። አንዳንዴ እሷ ሁለቱን መስመር ብቻ አንብባ ትመልስልሻለች፤ እሱም ይቆጠርላት።

ሰዓቱንም አስቢበት። አንቺ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ስትልኪ ዱባይ 7 ሰዓት ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ ገና ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሰው ሥራ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለችው ሕፃኗን ስንት ታግላ አስተኝታ ስልኳ «ቲንግ» ሲል ምን እንደምትል እኔ አልጽፈውም። ቴሌግራም ላይ መላኪያዋን ምልክት ጫን አድርገሽ ስትይዢያት ያለ ድምፅ መላክ ይቻላል፤ ለሌላ ሰዓት ቀጠሮ ማስያዝም ይቻላል። ማታ ጻፊው፣ ጠዋት ይድረስላት።

ለሕፃኗ እናት ሌላም መንገድ አለ። እጇ ሥራ አይፈታም፤ ጆሮዋ ግን ነፃ ነው። የወደድሽውን አንድ ገጽ በድምፅሽ አንብበሽ ላኪላት። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ልብ ወለድ ሲተርክ ያደመጡ ሰዎች ዛሬም ድምፁን ሳያነሱ አያልፉም። አንቺ ወጋየሁን መሆን አይጠበቅብሽም። መሃል ላይ ብትሳሳቺ፣ ብትስቂ፣ ጎረቤት በር ቢያንኳኳ ጭራሽ ይጣፍጣል። የድምፅ መልእክት እንደ ቪዲዮ የኢንተርኔት ጥቅል አይበላም፤ ይህም አንድ ነገር ነው። ወሩ ሳያልቅ ጥቅሉ የሚያልቅበት ሰው ረጅም ቪዲዮ ሲላክለት ስጦታ ሳይሆን ወጪ ነው የሚታየው።

ፒዲኤፉን ግን ተይው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ። ደራሲው ዓመታት ለፍቶ፣ ለማተሚያ ቤት ተበድሮ ያወጣውን መጽሐፍ ስካን አድርጎ ቴሌግራም ላይ መበተን እንጀራውን መንጠቅ ነው። አገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ሕግ ካወጣች ሃያ ዓመት አልፏል፤ እኛ ግን የሰረቅነውን መጽሐፍ «ለንባብ ባህል» ብለን እናሳልፋለን። መጽሐፉን ከወደድሽው ግዥና ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ ሰው ላኪላት። ፈርመሽበት። ያንን አውራ ጣት ብቻ ልካ አታልፈውም።

አሁን ወደ ጥያቄና መልሱ እንምጣ። እዚህ ላይ ትልቅ ተስፋ አለኝ፤ ምክንያቱም ይህ ነገር ለእኛ ኢንተርኔት ያመጣው አዲስ ጨዋታ አይደለም። እንቆቅልሽ ስትጫወቺ ያደግሽ ከሆነ አስታውሺው። «እንቆቅልሽ» ትያለሽ። «ምን አውቅልሽ» የሚል ሰው አጠገብሽ አለ። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው» ትያለሽ። ወንዝ ካለሽ አበቃ፣ ተራው የእሱ ነው። ካላወቀ «አገር ስጠኝ» ትያለሽ። «ጎንደርን ሰጥቼሻለሁ» ይልሻል። ጎንደር ገብተሽ፣ በልተሽ ጠጥተሽ፣ ያላወቀውን ልጅ በደንብ ሸንቆጥ ካደረግሽው በኋላ ነው መልሱን የምትነግሪው። የጨዋታው ለዛ ያለው አገር በማሰጠቱና በመሸንቆጡ ላይ ነው። ወንዝማ ሁሌም ወንዝ ነው፤ ልጆች መልሱን እያወቁት እንኳን ደግመው ይጫወቱታል። ጠያቂው ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዚያው ቁጭ ብሏል። አንቺ ግን ሌላ ሰው የሠራውን ሃያ ጥያቄ ለጥፈሽ ተኛሽ። ማን ጠየቃቸው? ማን ይሸነቁጣቸው? ያላወቀችዋ ለማን አገር ትስጥ?

ከባሕር ማዶም አንድ ምሳሌ ልጨምርልሽ። ወርድል የሚባለውን የእንግሊዝኛ ቃል ፍለጋ ሳታውቂው አትቀሪም። ጆሽ ዋርድል የሚባል የሶፍትዌር ባለሙያ የቃላት ጨዋታ ለምትወደው የሕይወት አጋሩ ብሎ የሠራው ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2021 ሲጫወቱት የነበሩት 90 ሰዎች ናቸው። ከሁለት ወር ትንሽ በኋላ ከ300 ሺህ አለፉ። በጃንዋሪ 2022 ኒውዮርክ ታይምስ ገዛው። እኔን የሚገርመኝ አጋራሩ ነው። በቀን አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፤ ለሁሉም ሰው ያው ቃል። ውጤትሽን ለጓደኛሽ ስትልኪ ቃሉ አይታይም፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ጥቁር ወይም ነጭ ካሬዎች ብቻ ይታያሉ። በስንተኛው ሙከራ እንዳገኘሽው ታውቃለች፣ እንዴት እንደተንገላታሽ ታያለች፣ ቃሉን ግን ራሷ መፈለግ አለባት። አየሽ፣ መልሱን ሳያበላሽ ያስቀናል። ደግሞ በቀን አንድ ነው፣ ሃያ አይደለም።

አንቺም አንድ ጥያቄ ይበቃሻል፤ በቀን እንኳን ሳይሆን በሳምንት። መሥሪያው ስልክሽ ላይ አለ። ቴሌግራም ከ2020 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንድ ትክክለኛ መልስ ያለው ጥያቄ ማዘጋጀት ያስችላል። ግሩፑ ውስጥ ፎቶና ፋይል የምታያይዢባትን ምልክት ነክተሽ «ፖል» የሚለውን ምረጪ። «ኩዊዝ ሞድ» የሚለውን አብሪ። ትክክለኛውን መልስ ምልክት አድርጊበት። «አኖኒመስ» የሚለውን ግን አጥፊው፤ ማን ምን እንደመለሰች ካልታየ መሸነቋቆጥ የለም። ላገኘችው ቀለማ ቀለም ወረቀት ይበተንላታል፣ ለሳተችው ስልኳ ይንቀጠቀጥባታል። ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታም አለው። ጓደኞችሽን የምትይዢበት እዚያ ላይ ነው።

ለምሳሌ «በ1968 (እ.ኤ.አ.) የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶኑን ማን አሸነፈ?» ብትይ ሁሉም ማሞ ወልዴ ይሉሻል፣ ያበቃል። «ማሞ ወልዴ ከሜክሲኮ ስንት ሜዳሊያ ይዞ ተመለሰ?» በይ እንጂ። ግማሾቹ «አንድ» ይላሉ። ሁለት ነው፤ በ10 ሺህ ሜትርም ብር አግኝቷል። ማብራሪያው ላይ ደግሞ አበበ ቢቂላ በዚያው ማራቶን መንገድ ላይ በጉዳት እንዳቋረጠና ማሞ ወርቁን እንዳመጣ በአንድ መስመር ጻፊ። ያን ጊዜ አንዷ «አባቴ ይሄን ሲያወራ» ብላ ትጀምራለች። የምትፈልጊው እሱን አይደል?

ከዚህም የሚበልጥ ጥያቄ አለሽ። ጎግል የማያውቀው። «ፕሮክተሯ ድንገት ስትመጣ ምድጃዋን አልጋ ሥር የምትደብቀው ማን ነበረች?» «ላይብረሪ ቦታ ልትይዝልን ትሄድና እዚያው እንቅልፍ የሚወስዳትስ?» «የጂሲ (የተመራቂዎች) ቀን ጫማዋ የተበጠሰባት?» አራት ምርጫ ስጪያቸው፤ አራቱም የእነሱ ስም ይሁን። ሁለት ሰው «እኔ ነበርኩ» ብሎ የሚከራከርበት ጥያቄ ከሆነ ለሦስት ቀን ወሬ ይበቃችኋል። ከበይነመረብ የምታመጪውን «አንቺ የትኛዋ ነሽ» ሁሉ በዚህ ተኪው። የትኛዋ እንደሆኑ ከእናንተ በላይ ማን ያውቃል?

ቀኑ እሑድ ማታ 3 ሰዓት ቢሆን ጥሩ ይመስለኛል። ዱባይ 4 ሰዓት ይሆናል፤ ሜሪላንድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ እረፍት ነው። ፈረቃ ላይ ያለችው ስትወጣ ትመልሳለች፤ የሰዓት ገደብ አታስገቢ። ያላወቀችዋ አገር ትስጥ። የሲልቨር ስፕሪንጓ ሜሪላንድን ትስጥሽ፣ የዱባይዋ ቡርጅ ከሊፋን። ጠያቂነቱ ደግሞ በተራ ይሁን። ይሄ ይከብድሽ ይሆናል፤ እንዳንቺ ጎበዝ ጥያቄ ላያወጡ ይችላሉ። ያውጡ። ሁልጊዜ አንቺ ጠያቂ፣ እነሱ ተፈታኝ ከሆኑ ጨዋታው ክፍል ይሆንባቸዋል፣ ሰው ደግሞ ከክፍል ይቀራል።

«ሥራ የለሽም እንዴ» ስላለችሽ ጓደኛሽ። ቀልድ ነው፤ ግን ከሦስት ሊንክ በኋላ የመጣ ቀልድ ነው። እሷን ለብቻዋ አግኚያት፣ ግሩፑ ላይ እንዳትጀምሪው። «የዚያን ቀን ስቄ ነበር፣ ግን ትንሽ ከፋኝ። በዝቶባችሁ ነው?» በያት። አብዛኛው ሰው እንዲህ ሲባል ይደነግጣል፣ ይቅርታም ይላል። «አዎ በዝቷል» ካለችሽም ተቀበያት፤ በሆዷ ይዛው ከምትቆይ ይሻላል።

ይህን ስልሽ ደግሞ አትቀየሚኝ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሦስት ሊንክ አከታትላ የምትልክ ሴት ንባቡ ብቻ አይመስለኝም የጎደላት። ናፍቀውሻል። «ናፈቃችሁኝ» ማለት ሲከብድሽ ሊንክ ትልኪያለሽ፤ እነሱ ደግሞ ሊንኩን ነው የሚያዩት። አንዳንድ ማታ ሊንኩን ትተሽ ደውዪ። ሐዋሳም እኮ ሰው አለ። ባንኩ ውስጥ ምሳ አብረውሽ ከሚበሉት መካከል አንዷ ማታ ማታ ስልኳ ላይ ስታነብ ታድር ይሆናል፤ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?

የባሕር ዳሯ ፍርሃት ግን ተገቢ ነው፤ አትሳቂባት። «ድምፅ ስጡልኝ» የሚለው ማጭበርበር የሚሠራው እንዲህ ነው። ከምታውቂው ሰው አካውንት ይመጣል፤ ያ ሰው ቀድሞ ተሰርቋል። ሊንኩን ስትነኪ ስልክ ቁጥርሽን ይጠይቅሻል። ከዚያ ቴሌግራም የላከልሽን ኮድ «ድምፅሽን ለማረጋገጥ» ብሎ ይጠይቅሻል። ኮዱን ስትሰጪ አካውንትሽን ሰጠሽ። ያ ኮድ ለማንም አይሰጥም፤ ለእህትም ቢሆን። ስድስታችሁም ዛሬውኑ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል አብሩ። «ዲቫይስስ» በሚለው ውስጥ ደግሞ የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ አስወጡት።

«አንቺ የትኛዋ ነሽ» የሚሉት ፈተናዎችም ሁልጊዜ ንጹሕ ጨዋታ አይደሉም። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን ካምብሪጅ አናሊቲካ የተባለ የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት ጉዳይ ልጥቀስልሽ። ፌስቡክ ላይ የባሕርይ መጠይቁን መተግበሪያ የተጠቀሙት ሰዎች 270 ሺህ ያህል ናቸው። በእነሱ በኩል ግን መረጃው ሳይወሰድ አልቀረም የተባለው ሰው፣ በፌስቡክ በራሱ ግምት፣ እስከ 87 ሚሊዮን ይደርሳል። አብዛኞቹ ምንም አልነኩም፤ የእነሱ ጥፋት መጠይቁን የሞላ ጓደኛ መኖሩ ነው። ያ መንገድ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ቢሆንም የልደት ቀንሽን፣ የእናትሽን ስም፣ የመጀመሪያ ትምህርት ቤትሽን የሚጠይቅ ወይም በፌስቡክ አካውንትሽ ግቢ የሚል ጨዋታ ካየሽ ዝጊው። ለጓደኛሽማ ፈጽሞ አትላኪላት።

ለባሕር ዳሯ ለጊዜው ሊንክ አትላኪ። የወደድሽውን አንቀጽ በራስሽ ቃል ጻፊላት፣ ወይም በድምፅሽ አንብቢላት። ግሩፑ ላይ የሚሠራው ኩዊዝ ደግሞ ከቴሌግራም አያስወጣም፣ ኮድም አይጠይቅም። የመጀመሪያው እሑድ ጠያቂ እሷ ትሁን። አሠራሩን ቀደም ብለሽ ደውለሽ አሳዪያት፤ የምድጃውን ጥያቄ ግን አትስጫት፣ ያ የአንቺ ነው።